ክትክታ በጥቁር ዐለት ላይ

ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ የሚጓዝ መንገደኛ መተሐራ ከተማ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጥቁር የድንጋይ ባሕር ውስጥ ይገባል። በስተ ሰሜን የፈንታሌ ተራራ ቆሟል፤ በስተ ደቡብ የበሰቃ ሐይቅ ተዘርግቷል፤ በመካከላቸው ቀልጦ የፈሰሰና እንደ ፈሰሰ የደረቀ ዐለት ተከምሯል። ከእነዚህ ፍሳሾች የመጨረሻው የወረደው በ1820 ገደማ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ የያኔው ካሣ ኃይሉ፣ ገና ሕፃን በነበሩበት ዘመን መሆኑ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት መቶ ዓመት አልፏል፤ ዐለቱ ግን በብዙ ቦታ ትናንት የቀዘቀዘ ይመስላል።

እንዲህ ባለው መሬት ላይ አፈር የለም፤ ከበፊቱ የተረፈ ዘርም ሥርም የለም። ሕይወት ከምንም ተነሥታ ሥራዋን እንደገና ትጀምራለች። በአፍሪካ ቀንድና በአካባቢው እንዲህ ያለ አዲስ ዐለት በሰው ዕድሜ ውስጥ ጭምር ተፈጥሯል፤ በ1978 የጅቡቲው አርዱኮባ፣ በ2011 የኤርትራው ናብሮ፣ በ2002 እና በ2021 የኮንጎዋን የጎማ ከተማ ያጠቃው ኒራጎንጎ ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ይሁን እንጂ ዕፀዋት በአዲስ ዐለት ላይ እንዴት እንደሚሠፍሩ በቅርብና ለረጅም ጊዜ ከተጠናባቸው ሥፍራዎች ዋነኛው ከዚህ እጅግ የራቀ ነው፤ በፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል የሚገኘው የሐዋይ ደሴት። በዚያ ጥቁር ዐለት ላይ ቀድመው ከሚቆሙት አገር በቀል ቁጥቋጦዎች አንዱ ደግሞ ለኢትዮጵያ ባላገር እንግዳ አይደለም። የሐዋይ ሰዎች አአሊኢ ይሉታል። በአማርኛ ክትክታ ነው።

ሁለቱ ሕዝቦች ስለዚህ ቁጥቋጦ ያላቸው አስተያየት ግን አንድ አይደለም። በአንደኛው አገር የጽናት ምሳሌ ሆኖ ሲከበር፣ በሌላው ብዙውን ጊዜ የተጎዳ መሬት ምልክትና ርካሽ ማገዶ ሆኖ ይታያል። የልዩነቱ ታሪክ የአንድ ተክል ታሪክ ብቻ አይደለም፤ የመሬትም ታሪክ ነው።

አንድ ዕፅ፣ ብዙ ስም

ክትክታ በኢትዮጵያ ወይና ደጋ በገደል አፋፍ፣ በድንጋያማ ተረተርና በተተወ እርሻ ላይ በብዛት የሚታይ፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን የማያራግፍ ቁጥቋጦ ነው። ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጥም፤ ተመችቶት ሲያድግ ግን ትንሽ ዛፍ ይሆናል። ጠባብና ረጅም የሆነው ቅጠሉ በሙጫ መሰል ፈሳሽ የተቀባ ስለሆነ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ሲነኩትም እጅ ላይ ይጣበቃል። አበባው መልካ ቅጠል የሌለው፣ ዓይን የማይስብ ነው፤ ንቦችን ለመጥራት አልተሠራም፤ ዱቄቱን የሚያደርስለት ነፋስ ነውና። ከአበባው ይልቅ የሚያምረው ፍሬው ነው። እንደ ወረቀት የሳሱ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ክንፎች አሉት፤ ሲበስል ቀይ ወይም ቡናማ ይሆናል፤ በውስጡም ጥቂት ጥቃቅን ጥቁር ዘሮች ይይዛል።

ባላገሩ ይህን ቁጥቋጦ ለአጥር፣ ለግድግዳ ማገር፣ ለመሣሪያ እጀታ፣ ከሁሉ በላይም ለማገዶ ይጠቀምበታል። ቅጠሉ በባህል መድኃኒትነት ለቁስልና ለቆዳ ሕመም ይውላል፤ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎችም ከዘሩ የተጨመቀውን ንጥረ ነገር በወባ በተያዙ አይጦች ላይ ሞክረውታል። ከብት ግን አይወደውም፤ ፍየልም ካልቸገራት በስተቀር አትነካውም። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በኋላ እንደሚታየው ለታሪኩ ትልቅ ፍሬ ነገር ነው። በትግርኛ ታህሰስ፣ በኦሮምኛ ኢተቻ ይባላል። ወደ ደቡብም በኬንያ፣ በታንዛኒያና ከዚያ አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል።

የሳይንስ ስሙ የተቀናበረው በሦስት ሰዎች እጅ ነው። ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1753 ተክሉን ከሌላ ወገን ጋር ደምሮ ፕቴሊያ ቪስኮሳ አለው፤ ቪስኮሳ በላቲን የሚያጣብቅ ማለት ነው። በ1754 እንግሊዛዊው አትክልተኛ ፊሊፕ ሚለር ለወገኑ ዶዶኔያ የሚል ስም አወጣ፤ በ1760 ደግሞ ኒኮላውስ ጃኩን ሁለቱን አገናኝቶ ዶዶኔያ ቪስኮሳ ሲል ሰየመው። ዶዶኔያ የተባለው ለሬምበርት ዶዶንስ መታሰቢያ ነው። ይህ ሰው ከ1517 እስከ 1585 የኖረ፣ በዛሬዋ ቤልጅግ የተወለደ ሐኪም ሲሆን፣ በ1554 ያሳተመው የዕፀዋት መጽሐፍ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በስሙ የተጠራውን ቁጥቋጦ ግን አላወቀውም።

በኢትዮጵያ የሚበቅለውን ዐይነት አንዳንድ ሊቃውንት ዶዶኔያ አንጉስቲፎሊያ፣ ማለትም ቅጠለ ጠባቡ ዶዶኔያ፣ ብለው ራሱን የቻለ ዝርያ ያደርጉታል፤ ሌሎች ደግሞ የዶዶኔያ ቪስኮሳ አንድ ንዑስ ክፍል ነው ይላሉ። ክርክሩ በስም አሰጣጥ ላይ ነው፤ የሐዋዩና የኢትዮጵያው የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸው ግን አያከራክርም።

ከአውስትራሊያ የተነሣ መንገደኛ

የዶዶኔያ ወገን ወደ 70 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም የሚኖሩት በአውስትራሊያ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ከአገሩ ወጥቶ የዓለምን ሞቃት ክፍል በሙሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ አዳረሰ፤ እርሱም ክትክታ ነው። የአውስትራሊያ ሰፋሪዎች ቢራ ሲጠምቁ የሆፕን ፍሬ ባጡ ጊዜ በዚህ ቁጥቋጦ ፍሬ ይተኩት ስለነበር እስካሁን በዚያው ስም ይጠሩታል። የኢትዮጵያ ጠማቂ ጌሾ ስላለው ወደ ክትክታ አልሄደም።

የዘረመል ጥናቶች እንደሚያሳዩት ይህ ስደት በመሬት የዕድሜ ሚዛን ሲለካ ቅርብ ነው፤ ሆኖም ሰው መርከብ ሠርቶ ባሕር ከማቋረጡ እጅግ አስቀድሞ የተፈጸመ ነው። የተጓዘውም በሁለት መንገድ ነው። በየብስ ባለ ክንፉ ፍሬ በነፋስ ይንከባለላል፤ በባሕር ደግሞ ዘሩ ሳይሰጥም ተንሳፎ፣ ጨው ሳይገድለው ከዳርቻ ዳርቻ ይደርሳል። ዘሩ ጠንካራ ቅርፊት ስላለው ውኃ ቶሎ አይገባውም፤ ቅርፊቱ በሙቀት ወይም በመፋተግ እስኪሰነጠቅ ድረስ በትዕግሥት ይቆያል።

ሐዋይን ለመድረስ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ግድ ነበር። ደሴቶቹ ከውቅያኖስ ወለል በእሳተ ገሞራ የተነሡ፣ ከማንኛውም አህጉር ጋር ተያይዘው የማያውቁ፣ ከቅርቡ አህጉር ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የራቁ ናቸው። በዚያ የሚገኝ ማንኛውም ዕፅ በነፋስ፣ በባሕር ወይም በወፍ ተሳፍሮ የመጣ ነው። እንግዲህ አገር በቀል የሚለው ቃል በዚያ ሲነገር ከጥንት ጀምሮ ከሥፍራው ያልተነሣ ማለት ሊሆን አይችልም። ማንም ሳያመጣው የመጣ፣ መጥቶም ቦታውን አውቆ የጸና ማለት ነው። በዚህ ትርጉም ክትክታ በሐዋይም በኢትዮጵያም አገር በቀል ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ ሌላውን የአውስትራሊያ ልጅ፣ ባሕር ዛፍን፣ ማስታወሱ አይቀርም። እርሱ የመጣው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ፣ በሰው እጅ ነው። ሁለቱም ከአንድ አገር ተነሥተው በአንድ ኮረብታ ላይ ተገናኙ፤ አንደኛው ተተክሎ፣ ሌላው ሳይተክሉት።

ዐለት መሬት ሲሆን

የሐዋይ ትልቁ ደሴት የቆመው በአምስት እሳተ ገሞራዎች ላይ ነው። ከእነርሱም ማውና ሎአ 4,169 ሜትር ከፍታ አለው፤ ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳውም በኅዳርና ታኅሣሥ 2022 ነው። ጎረቤቱ ኪላዌያ ከ1983 እስከ 2018 በምሥራቅ ጎኑ ሲፈስ ኖሮ፣ በ1990 ካላፓና የተባለውን መንደር ቀበረ፤ በ2018 ደግሞ ከ700 በላይ ቤቶችን አጠፋ። የደሴቲቱ ሰዎች ይህን ፍሳሽ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያዩ ስለኖሩ ለየዐይነቱ ስም ሰጥተውታል። ለስላሳውንና እንደ ገመድ ተጠማዝዞ የሚረጋውን ፓሆኤሆኤ፣ ስለታማና ኮረኮንች የሆነውን አአ ይሉታል። አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ ክላረንስ ደተን በ1880ዎቹ ቃላቱን ወደ ሳይንስ ካስገባቸው ወዲህ፣ ስለ መተሐራም ሆነ ስለ ኤርታሌ ዐለት የሚጽፍ ሊቅ እነዚሁን ሁለት የሐዋይ ቃላት ይጠቀማል።

በ1959 ኪላዌያ ኢኪ የተባለው ጉድጓድ ፈንድቶ በዙሪያው የነበረውን ደን በዐመድና በዐለት ሸፈነ። ጋሬት ስማዘርስና ዲተር ሙለር ዶምቦይስ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ዘጠኝ ዓመት ተከታትለው ውጤቱን በ1974 አሳተሙ። የታየውም ይህ ነው። ሕይወት በዐለቱ ፊት ላይ ሳይሆን በስንጥቁ ውስጥ ጀመረች፤ ጥላና እርጥበት፣ ነፋስ ያመጣው ጥቂት ትቢያም ያለው እዚያ ነውና። በመጀመሪያ የታዩት በዓይን የሚያዳግቱ አልጌዎች፣ ቀጥሎም ሽበትና ፈርን፣ በድንጋይ ላይ የሚለጠፈው ላይክንም ናቸው። ብዙም ሳይቆይ ኦሂኣ የተባለው ቀይ አበባ ያለው ዛፍ፣ ከእርሱም ጋር ቁጥቋጦዎች ተከተሉ።

ከእነዚህ ቀዳሚ ቁጥቋጦዎች መካከል ኦሄሎ የተባለው ባለ ቀይ ፍሬ ቁጥቋጦ አለ፤ በተለይ ደረቅና ነፋሻ በሆነው በኩል ደግሞ አአሊኢ፣ ማለትም ክትክታ፣ አለ። ነፋስ ፍሬውን አንከባሎ ስንጥቅ ውስጥ ይጥልለታል፤ ሥሩ ስንጥቁን ተከትሎ ይወርዳል፤ በሙጫ የተቀባው ቅጠሉም የውኃን ብክነት ይቀንስለታል። ሲያድግ ከሥሩ ጥላ ይጥላል፤ የረገፈው ቅጠሉ በነፋስ ከሚመጣው ትቢያ ጋር ተደባልቆ ጥቂት ጣት የማይሞላ አፈር ይሆናል። ለሌላ ዘር ያ ጥቂት አፈር ይበቃዋል።

በአዲስ ዐለት ላይ ከሁሉ የሚጎድለው ናይትሮጅን ነው። ዐለቱ ፎስፈረስና ሌሎች ማዕድናት አሉት፤ ናይትሮጅን ግን የሚመጣው ከአየርና ከሕያዋን ብቻ ነው። ፒተር ቪቱሴክ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በደሴቶቹ ላይ ከጥቂት መቶ ዓመታት አንሥቶ በካዋይ ደሴት እስከ አራት ሚሊዮን ዓመት የሚደርስ ዕድሜ ያለውን መሬት ሲያወዳድሩ፣ በአዲሱ መሬት ዕፀዋትን የሚያስርባቸው የናይትሮጅን እጦት፣ በጥንታዊው ደግሞ የፎስፈረስ እጦት ሆኖ አገኙት። አዲስ ዐለት ላይ የሚሠፍር ሁሉ በድህነት መኖርን የለመደ መሆን አለበት ማለት ነው።

ድህነቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው ግን ከሁሉ በላይ ዝናብ ነው። በሂሎ በኩል፣ ዝናብ በሚበዛበት የደሴቲቱ ምሥራቅ፣ በ1881 የፈሰሰው ዐለት ዛሬ ዛፍ ለብሷል። በኮና በኩል፣ በደረቁ ምዕራብ፣ ሁዋላላይ በ1801 ያፈሰሰው ግን አሁንም በአብዛኛው ራቁቱን ነው፤ የኮና አውሮፕላን ማረፊያ የተሠራውም በዚሁ ዐለት ላይ ነው። ዕድሜው ከመተሐራው ዐለት ጋር የተቀራረበ ነው፤ መልኩም እንዲሁ።

ነፋስ የማይጥለው

ፖሊኔዥያውያን ከአሁኑ ስምንት መቶ ወይም ዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት በታንኳ ወደ ሐዋይ ሲደርሱ አአሊኢ ቀድሟቸው ነበር። ጠንካራና ከባድ የሆነው እንጨቱ ለቤት ምሰሶ፣ ለጦርና ለመቆፈሪያ ሆነላቸው። ከቀዩ ፍሬው ካፓ የተባለውን የዛፍ ልጥ ጨርቅ የሚያቀሉበት ቀለም አወጡ፤ ፍሬውንም ከነቅጠሉ ጎንጉነው ሌይ በሚሉት የራስና የአንገት ጌጥ ውስጥ አስገቡት። ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አለ።

ከዚህ የሚበልጠው በንግግር ውስጥ ያገኘው ሥፍራ ነው። በደሴቲቱ ደቡብ የሚገኘው የካኡ አውራጃ ነፋሱ የበረታ፣ መሬቱ በአዲስ ዐለት የተሞላ፣ ኑሮው አስቸጋሪ ነው። የካኡ ሰዎች ራሳቸውን በአአሊኢ ይመስላሉ፤ ማንኛውም ነፋስ ሊገነድሰው የማይችል ቁጥቋጦ ነን ይላሉ። በነፋሻው ዳርቻ ቁጥቋጦው ከመሬት ጋር ተጣብቆ ያድጋል፤ ነፋስ በሌለበት ሸለቆ ግን ዘጠኝ ሜትር ሊደርስ ይችላል። ምሳሌው በከንቱ አልተመረጠም።

በጥቁሩ ዐለት ላይ የሚበቅሉ ቁጥቋጦዎች ከሃይማኖትም የተለዩ አልነበሩም። ሚስዮናዊው ዊልያም ኤሊስ በ1823 ኪላዌያን ሲጎበኝ፣ አብረውት የነበሩት ሰዎች የእሳቷ አምላክ ለምትባለው ለፔሌ ድርሻዋን ሳይሰጡ የኦሄሎን ፍሬ መቅመስ እንደማይገባ ነገሩት። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1824፣ ክርስትናን የተቀበለችው የመኳንንት ወገን ካፒኦላኒ ወደ ጉድጓዱ ወርዳ ያለ ምንም መባ ፍሬውን በላች፤ የፔሌንም ቁጣ እንደማትፈራ በሕዝብ ፊት አሳየች። የአንድ ቁጥቋጦ ፍሬ የአንድ ዘመን ማብቂያ ምልክት ሆነ።

ፍየል፣ ሣርና እሳት

የዘመን ለውጡ ግን በሃይማኖት ብቻ አላበቃም። ካፒቴን ጄምስ ኩክ በ1778 ወደ ደሴቶቹ ሲደርስ ፍየሎችን ትቶ ሄደ። ጆርጅ ቫንኩቨር በ1793 ከብት አመጣ፤ ንጉሥ ካሜሃሜሃም ከብቱ እንዲበዛ እንዳይታረድ በሕግ ከለከለ። ከዚያ በፊት ግጦሽ የሚባል ነገር አይተው የማያውቁት የደሴቶቹ ዕፀዋት እሾህም ምሬትም አልነበራቸውም፤ ስለዚህ አለቁ። በብዙ ሥፍራ የተረፈው ከብት የማይፈልገው ብቻ ሆነ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ደግሞ የፖርቱጋል ሰፋሪዎች ከአትላንቲክ ደሴቶቻቸው ፋያ የተባለውን ዛፍ አመጡ። ይህ ዛፍ በሥሩ ካሉ ረቂቅ ሕዋሳት ጋር ተባብሮ ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳል። በመጀመሪያ ሲታይ በረከት ይመስላል። ይሁን እንጂ ቪቱሴክ በ1987 ባሳተመው ጥናት እንደተገለጸው፣ ፋያ በአንዳንድ አዳዲስ የእሳተ ገሞራ መሬቶች ላይ የሚገባውን ናይትሮጅን በአራት እጥፍ ያሳድጋል። መሬቱ ሳይዘጋጅ በድንገት ሲበለጽግ፣ በድህነት መኖርን የለመዱት አገር በቀሎች ጥቅማቸው ይቀራል፤ ፈጥነው የሚያድጉ መጤዎች ሥፍራውን ይወርሳሉ።

ከአፍሪካ የሄደው ደግሞ ከሁሉ የከፋውን ጉዳት አስከትሏል። በሰሜንና በምሥራቅ አፍሪካ የሚበቅል፣ ጭራ የመሰለ ዘለላ ያለው አንድ ሣር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለአትክልት ቦታ ማስዋቢያ ወደ ሐዋይ ተወሰደ። ከአትክልቱ ቦታ አምልጦ በኮና ደረቅ ዐለት ላይ ተስፋፋ። በባዶ ዐለት ላይ በቅለው የነበሩት ቁጥቋጦዎች እርስ በርስ የተራራቁ ስለነበሩ እሳት ከአንዱ ወደ ሌላው ሊሻገር አይችልም ነበር፤ ሣሩ ግን በመካከላቸው እንደ ክብሪት ተዘረጋ። ከሌላ ደሴት የተገኘው ትምህርት ይበልጥ መራራ ነው። በነሐሴ 2023 በማዊ ደሴት የላሃይና ከተማ ስትቃጠል ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ ከከተማዋ በላይ በተተዉት የሸንኮራ እርሻዎች የበቀለው ደረቅ መጤ ሣር ለእሳቱ ትልቅ ማገዶ ሆኖ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል አአሊኢ ከጸኑት ጥቂቶች አንዱ ነው። ፍየል አይመርጠውም። እሳት ቢያቃጥለውም በአፈር ውስጥ የቆየው ዘሩ በሙቀቱ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ይበቅላል። በተቃጠለ መሬት ላይ አገር በቀል ዕፅ ለመመለስ የሚሠሩ ሰዎች ከሚመርጧቸው መካከል ስለሆነም ዘሩ እየተሰበሰበ ይዘራል።

የሐዋይ እሳተ ገሞራዎች ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ መጨረሻ በፍየል በተጎዳ ቆላማ መሬት ላይ ትንሽ ቦታ አጥሮ ከልሎ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በአጥሩ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ሳይንስ ያልመዘገበው የባቄላ ዘመድ የሆነ ሐረግ በቀለ። ዘሩ በመሬቱ ውስጥ ሲጠብቅ ኖሯል። ከዚያ በኋላ ፓርኩ ፍየልን በአጥር የማገድና የማስወጣት ሥራውን በስፋት ቀጠለ።

ክትክታ በአገር ቤት

ይህ የአጥር ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በተለይም በትግራይ፣ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ብዙ የተራቆቱ ኮረብታዎች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከልለዋል። በእነዚህ ኮረብታዎች የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት የለም፤ ነገር ግን የዘመናት እርሻ፣ ግጦሽና ጎርፍ አፈሩን አጥበው ወስደው ከሥሩ ያለውን ዐለት አውጥተውታል። ለዘር ሁለቱም አንድ ናቸው። እሳተ ገሞራ በአንድ ሌሊት የሚያደርገውን ጎርፍና ማረሻ በብዙ ትውልድ አደረጉት።

በተከለለው መሬት ላይ ቀድመው የሚበዙት ክትክታ፣ እምቧጮ፣ ደደሆና መሰሎቻቸው ናቸው። ለዚህም ነው ክትክታ በባላገሩ ዓይን ክብር ያጣው፤ የሚያየው ሁልጊዜ መሬቱ ከተጎዳ በኋላ ነውና። አስተያየቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ግጦሹ ባልቆመበት ኮረብታ ከብቱ ሌላውን ሁሉ ለቅሞ ክትክታን ብቻ ሲተው፣ የክትክታ ብዛት መሬቱ ከአቅሙ በላይ እንደተጋጠ ያመለክታል፤ መሬቱም ከዚያ ሳይሻገር ብዙ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሆኖም ምልክትን ከምክንያት መለየት ያስፈልጋል። ኮረብታውን ያራቆተው ክትክታ አይደለም፤ ሁሉ ሲሄድ የቀረው እርሱ ነው።

ግጦሽና ምንጣሮ ሲቆሙ ደግሞ ታሪኩ ወደፊት ይሄዳል። በትግራይ የተደረገና በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ቀዳሚ ቁጥቋጦዎች ለወይራ ችግኝ ሞግዚት ሊሆኑ እንደሚችሉ አሳይቷል፤ በባዶ መሬት ፀሐይ የሚያደርቀውና እንስሳ የሚቀጥፈው ችግኝ በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ሲሆን የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። ወፍ በቁጥቋጦው ላይ አርፋ የወይራን ፍሬ ዘር ትጥላለች፤ ቁጥቋጦውም ያሳድገዋል። በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ብቻ ተጠብቆ የኖረው ወይራ ወደ ኮረብታው የሚመለስበት አንዱ መንገድ ይህ ነው።

እንግዲህ በኮረብታው ላይ ያለው ምርጫ ግልጽ ነው። ክትክታውን እርባና ቢስ ነው ብሎ መንጥሮ በምትኩ ባሕር ዛፍ መትከል ይቻላል፤ ባሕር ዛፍ ገንዘብ ያመጣል፤ ይህን የሚንቅ ገበሬ የለም። ነገር ግን በአፈር አልባ ኮረብታ ላይ ክትክታውን የመነጠረ ሰው ቁጥቋጦውን ብቻ አይደለም የሚያጣው። በጥላው ሥር የነበረውን ጣት የማይሞላ አፈር፣ በአፈሩ ውስጥ የሚጠብቀውን ዘር፣ ዘሩ ሊሆን የነበረውን ደን አብሮ ያጣል። ማገዶ የግድ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነውና ይህ በስብከት ብቻ የሚፈታ ጉዳይ አይደለም፤ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም፣ በሌላ ሥፍራ የሚተከል የማገዶ እንጨትም፣ የተከለለው ኮረብታ ሣር እየታጨደ ለመንደሩ የሚከፋፈልበት ሥርዓትም ይፈልጋል። እነዚህ በተሟሉበት ቦታ ኮረብታው ሲለብስ ታይቷል።

የካኡ ሰው በጥቁሩ ዐለት ላይ አአሊኢን ሲያይ ገና የሚመጣውን አገር ያያል፤ ከእርሱ በፊት በዚያ ምንም እንዳልነበረ ያውቃልና። የኢትዮጵያ ባላገር ክትክታን ሲያይ የሄደውን ደን ያስታውሳል። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው። ተክሉ ግን በሁለቱም ቦታ የያዘው አንድ ሥራ ነው፤ ስንጥቅ ፈልጎ ሥር ይሰዳል፤ ቅጠሉን አራግፎ አፈር ያጠራቅማል፤ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ቦታ ያዘጋጃል። በተረተሩ ላይ ቅጠሉ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ የሚታየው ያ ተራ ቁጥቋጦ፣ ምሳር ከቀደመው ማገዶ ነው፤ ጊዜ ከተሰጠው ደግሞ የወይራ ሞግዚት ነው።